ካራቫን ጎትቼ ቁልቁለቱን የወረድኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከገበያ ስመለስ፣ አሮጌው ከተማ፣ ሃዒር ሃዓቲቃ መግቢያ ላይ መብራት ይዞኝ ቆሜ ሳለሁ አንድ ጂፕ ነጭ ካራቫን፣ ያን በጎማ የሚጎተት ቤት፣ እየጎተተ ከፊቴ ታጠፈ። ሹፌሩ ወጣት ነው። አንድ እጁን በመስኮት አውጥቷል፣ በሌላው ስልክ ይዟል፤ መሪውን በምን እንደያዘው እግዜር ይወቅ። እኔ ግን የማየው እሱን ሳይሆን የጂፑን የኋላ ጎማ ነበር። ትንሽ ዝቅ ብሏል። «ጎሽ! ደህና ተጭኗል» አልኩ ድምፄን ከፍ አድርጌ። አጠገቤ የቆመችው ሴትዮ ዞር ብላ አየችኝና ቦርሳዋን ወደ ደረቷ ሳብ አደረገች። ስድሳ ሊሞላት ጥቂት የቀራት ሴት ጎመንና ሽንኩርቷን ተሸክማ ከጂፕ ጋር ስታወራ ብታይ እኔም እንደዚያው አደርግ ነበር።

ነገሩ የሆነው ሃያ አራት ዓመቴ ላይ ነው። ያኔ ሽኩና ቫቭ የሚባል ሰፈር እንኖር ነበር፤ አባባ፣ እማማና እኔ። ወንድሞቼ አግብተው ወጥተው እኔ ብቻ ቀርቻለሁ። እሠራ የነበረው ሃዒር ሃዓቲቃ ውስጥ፣ ወንበርና ፍራሽ በሚያለብስ አንድ ሱቅ ነው። ባለቤቱ ሽሙኤል በልጅነቱ ከኢራቅ የመጣ፣ ቁጣው ከአፉ የማያልፍ ሽማግሌ ነበር። ማሬ መባሌን በነገርኩት ቀን «ሚሪ» ብሎ ሰየመኝ፤ ከዚያ በኋላ ስሜን ሊያስተካክለው የቻለ የለም።

በዚያ ዓመት የእማማ ቁርጥማት ጠናባቸው። የያዛቸው ከአገር ጀምሮ ነው፤ ክረምቱ ላይ ግን ጉልበታቸው አበጠና አልታጠፍ አለ። የምንኖረው ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ አሳንሰር የለም። እናቴ፣ እኚያ አንገታቸው ቀጥ ብሎ ማሰሮ በራሳቸው ተሸክመው ገበያ የሚሄዱ ሴት፣ ደረጃውን በቂጣቸው እየተንፏቀቁ መውረድ ጀመሩ። ጎረቤት እንዳያያቸው ጎህ ሲቀድ ነበር የሚወርዱት። ሐኪሙ ክኒን ሰጣቸው፤ ክኒኑ ሆዳቸውን አቃጠለ። አንድ ቀን ደረጃው መሐል ተቀምጠው ሲያለቅሱ አገኘኋቸው፤ ሳል ነው አሉኝ።

መድኃኒታቸውን ግን ያውቁታል፤ ፍል ውሃ ነው። ሙት ባሕር ዳር እንዳለ ሰምተዋል። ሆኖም የሚፈልጉት እንደ አገራቸው ወግ ነው። ጎንደር ሳሉ ቁርጥማት የያዘው ሰው ስንቁን ቋጥሮ፣ ድንኳኑን ከውሃው ዳር ተክሎ፣ ጧት ማታ እየገባ ሰባት ቀን ይሰነብታል። ለአንድ ቀን ተነክሮ መመለስ «ውሃውን መናቅ ነው» ይላሉ። ሆቴል እንዳንወስዳቸው የማያውቁት ሰው ያበሰለውን አይበሉም። ድንኳን እንዳንተክል መሬት ተኝተው መነሳት አይችሉም።

ይህን ለሽሙኤል ሳወራው መርፌውን አስቀመጠ። «ሚሪ፣ የእኔ ካራቫን ግቢ ቆሞ ድመት ይወልድበታል። ጂፑም አለ። ውሰጂና እናትሽን አሳክሚ።»

በነፃ አልሰጠኝም ታዲያ፤ ዋጋው ትምህርት ነበር። ከሥራ በኋላ እየወሰደ ከገበያው ወዲያ ባለ ባዶ ሜዳ ላይ ካራቫን መጎተት ሲያለማምደኝ ሰነበተ። መንጠቆው እንዴት እንደሚቆለፍ፣ ሰንሰለቱ ከሥር እንዴት እንደሚጣመር፣ ሲታጠፉ እንዴት ሰፋ አድርጎ መዞር እንደሚገባ አሳየኝ። ወደ ኋላ መሄዱ ግን አስለቅሶኛል። መሪውን ወደ ቀኝ ስትይዥው ካራቫኑ ወደ ግራ፤ የሴት አማት እንኳን እንዲህ አትቃረንም። «ለአት፣ ለአት» ይለኛል ሽሙኤል፣ በዚህ አገር ቋንቋ ቀስ በይ ማለቱ ነው፣ ራሱ እየጮኸ።

በመጨረሻው ቀን ጣቱን አውጥቶ ሁለት ነገር ነገረኝ። «ከባድ ዕቃ ከካራቫኑ ጎማ ፊት ይቀመጥ፣ ወደ ጂፑ ጠጋ ብሎ። አፍንጫው መንጠቆው ላይ ትንሽ ይጫን። ኋላው ከከበደ ጅራቱ ይነዳሻል።»

«ሁለተኛውስ?»

«መወዛወዝ ከጀመረ ፍሬን እንዳትረግጪ። እግርሽን ከነዳጁ አንሺ፣ መሪውን ቀጥ አድርገሽ ያዢ። ሌላ ምንም አታድርጊ።»

«ምንም?»

«ምንም። ከሁሉ የሚከብደው እሱ ነው።»

አሁን ስለ አባባ ልንገራችሁ። አባቴ በአገራቸው ቀጥቃጭ ነበሩ። የቀጠቀጡትን ማረሻና እማማ የሠሩትን ማሰሮ አህያ ላይ ጭነው ገበያ ያወርዳሉ። ማሰሮ የጫነች አህያ ከአፋፍ ቁልቁል ነድቶ አንድም ሳይሰነጠቅ ማድረስ ሙያ ነው፤ የእሳቸው ጭነት ተሰብሮ አያውቅም ይባል ነበር። እዚህ ግን አንድ ፋብሪካ ውስጥ ወለል ይጠርጋሉ። ይህ እንዴት ይሁን ብሎ የሚጠይቃቸው ሰው የለም። የአውቶቡሱን ቁጥር እንኳ የማነብላቸው እኔ ነበርኩ። አንድም ቀን አማርረው ባይናገሩም እንደሚከነክናቸው አውቅ ነበር።

ፋሲካ አልፎ፣ ሙቀቱ ገና ሳይበረታ፣ አንድ እሑድ ጧት ለመነሳት ቆረጥን። ዕቃውን ዓርብ ጫንኩ። እማማ የሰው አገር ውሃ ሆድ ይነፋል ብለው የቤታችንን የቧንቧ ውሃ በጀሪካን አስቀድተዋል፤ ዱቄት በጆንያ፣ በሶ፣ ድርቆሽ፣ የጋዝ ምድጃ፣ ጎረቤት የሰጠን የማር ማሰሮ። ከባዱን ሁሉ እንደተባልኩት ከፊት ደረደርኩ። ጂፑ ከኋላው ዝቅ አለ፤ ደስ አለኝ።

እሑድ ጧት እማማን ለማውረድ ላይ ወጣሁ። ጊዜ ፈጀብን። ስንወርድ አባባ ላብ በላብ ሆነው ጂፑን እየዞሩ ሲያዩት አገኘኋቸው። ፊታቸው ፈክቷል።

«ምን አላበዎት አባባ?»

«ዕድሜ ነው» አሉኝ። ከዚህ በላይ አልጠየቅኩም። ሰንሰለቱን ነካ ነካ አድርጌ፣ መብራቱን አይቼ፣ እማማን ከኋላ ወንበር፣ አባባን ከጎኔ አስቀምጬ ተነሳን።

ከከተማ ስንወጣ ነገሩ ሁሉ መልካም ነበር። ስንዴው ገርጥቷል፣ በጎች ከመንገዱ ዳር ይግጣሉ፣ እማማ ዳቦ እየቆረሱ ወደ ፊት ያቀብሉናል። መሪው ብቻ ቀለል አለብኝ፤ የጂፑ አፍንጫ ሽቅብ ሽቅብ የሚል መሰለኝ። ካለመልመዴ ነው አልኩ።

ወደ ዓራድ ከተማ በሚወስደው መንገድ፣ ዘቅዘቅ ያለ ቦታ ላይ፣ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በፍጥነት ቀደመኝ። ነፋሱ ካራቫኑን ገፋ፣ ከዚያ መልሶ ሳበው። በስፖኪዮ ሳይ ነጩ ግድግዳ ወደ ግራ ወጣ፤ ተመለሰ፤ ወደ ቀኝ ወጣ። እያንዳንዱ ውዝዋዜ ከበፊቱ ይሰፋል። የጂፑን ወገብ ይዞ እያናወጠን ነው። ከፊት መኪና ይመጣል።

«ፍሬን!» ብለው ጮኹ አባባ። «ፍሬን ያዢ! ማሬ፣ ፍሬን!»

እግሬ ሊሄድ ነበር። የአባቴን ትእዛዝ እምቢ ብዬ አላውቅም። እማማ ከኋላ «የአብርሃም አምላክ! የአብርሃም አምላክ!» ይላሉ፤ አባባ መሪውን ሊይዙ እጃቸውን ዘረጉ።

«አባ፣ ዳይ!» ብዬ ጮኽኩባቸው፤ በቃ ማለቴ ነው። «ዝም ይበሉ! አይንኩኝ!»

እጃቸውን ሰበሰቡ። ዝም አሉ። እኔም እግሬን ከነዳጁ አንስቼ፣ መሪውን ጨብጬ፣ ምንም አላደረግሁም። ሽሙኤል እውነቱን ነው፤ ምንም አለማድረግን የመሰለ ከባድ ሥራ የለም። ጂፑ ቀስ በቀስ በራሱ ጊዜ እየደከመ መጣ፣ ካራቫኑም አብሮት ረጋ። ከመጣው መኪና ጋር ተላለፍን። ከአስፋልቱ ወጥቼ ጠጠሩ ላይ ስቆም ሞተሩን ማጥፋት እንኳ እማማ ናቸው ያስታወሱኝ።

ወርጄ የካራቫኑን በር ከፈትኩ። ጀሪካኑ፣ ጆንያው፣ ምድጃው፣ ሁሉም ከኋለኛው ግድግዳ ሥር በገመድ ተጠፍንጎ ተደርድሯል። አሳሰሩ እንዴት ያምራል! የማር ማሰሮው አልተነቃነቀም።

«እኔ ነኝ» አሉ አባባ ከኋላዬ። «የጂፑ ወገብ ጎብጦ ባየው አሳዘነኝ። ቁልቁለት አለ ብለሽ ነበር፤ ቁልቁለት ላይ ጭነት ወደ አንገት ይሄዳል፣ አህያዋን ይደፋታል። ወደ ኋላ ስስበው ቀና አለልኝ።»

ልቆጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ምን ይባላል? ለአህያ ትክክል ነበሩ። አህያ ጭነቷን የምትሸከመው በጀርባዋ ነው፤ ካራቫን ግን በራሱ ጎማ ላይ የተቀመጠ ሚዛን ነውና ኋላው ሲከብድ አፍንጫው ሽቅብ ይነሳል፣ ከዚያ የሚይዘው የለም። ይህ የሆነው ገና ትንሽ ዘቅዘቅ ባለ ቦታ ነው። ከዓራድ ወዲያ እስከ ባሕሩ ያለውን ቁልቁለት ሳስበው ግን ጠጠሩ ላይ ቁጭ አልኩ።

አባባ ገደሉን ያዩት ይመስል ወደ ምሥራቅ አዩ። «እንመለስ» አሉ በቀስታ።

ከጂፑ ውስጥ የእማማ ድምፅ መጣ። «እኔ ያን ሁሉ ደረጃ በቂጤ የወረድኩት መንገድ ዳር አይቼ ልመለስ አይደለም!»

አባባ ወደ ካራቫኑ ገቡ። ከዚያ አንዱን ጀሪካን ፈትተው አነሱና ወደ እኔ ዞሩ።

«የቱ ጋ ላድርገው?» አሉኝ።

አባቴ ስለ ጭነት ጠየቁኝ። እጄን ዘርግቼ አሳየኋቸው፤ እሳቸውም ባልኩት ቦታ አንድ በአንድ አስቀምጠው፣ በዚያው በሚያምረው አሳሰራቸው አሰሩት። የጂፑ ኋላ ዝቅ ሲል ፊታቸውን ጨፈገግ አደረጉ፣ ግን ቋጠሮውን አጠበቁ።

ከዓራድ በኋላ ቁልቁለቱ ጀመረ። አፋፉ ላይ ሁለተኛ ማርሽ አስገባሁና ሞተሩ እያጓራ እንዲይዘን ተውኩት። ፍሬኑን ነካ አድርጌ እለቃለሁ፣ ነካ አድርጌ እለቃለሁ። ጠመዝማዛው ማለቂያ የለውም። ከኋላችን መኪና ተሰልፎ ጥሩንባ ይነፋል፤ አባባ አንዱን በመስኮት «ከቸኮልክ ብረር!» አሉት በአማርኛ። ለእኔ ግን አንዲት ቃል አልተናገሩም። እጃቸው ጉልበታቸውን ጨብጦ፣ ከንፈራቸው ተገጥሞ ነው የወረዱት። ጆሯችን ተደፈነ። ታች ባሕሩ እንደ ቆርቆሮ ሲያብለጨልጭ እማማ «ኧረ የት ነው የምትወስጂኝ፣ ሲኦል ነው እንዴ?» አሉና አሳቁኝ።

ታች ደርሰን ሜዳው ላይ ቆምን። ሙቀቱና የጨው ሽታው ተቀበለን። ሞተሩን አጠፋሁ። ወርጄ በአባባ በኩል ዞርኩና ጉልበታቸውን ለመሳም ጎንበስ አልኩ። አባቴን ዝም በሉ ብያለሁ፤ የወለዱኝን አዋርጄ በሕይወት መትረፌ ደስታውን ግማሽ አድርጎብኝ ነበር።

ሳልደርስ አገጬን ይዘው ቀና አደረጉኝ። «ጭነት ላይ አዛዥ አንድ ነው» አሉኝ። «ሁለት ካዘዙ ገደል ነው። ዛሬ አዛዧ አንቺ ነበርሽ፣ ያጠፋሁ እኔ ነኝ። እግርሽን እንቅፋት አይምታው፣ ልጄ።» ያኔ ነው ያለቀስኩት። ከቤት ጀምሮ ይዤው የመጣሁት ፍርሃት ሁሉ አብሮ ወጣ።

እማማ ሰባቱን ቀን ሞሉ። ዳኑ አልላችሁም፤ ቁርጥማት እንዲህ በቀላሉ የሚሰናበት እንግዳ አይደለም። ግን ሽኩና ቫቭ ስንመለስ እጃቸውን ብረቱ ላይ አድርገው፣ እያረፉ፣ በእግራቸው ደረጃውን ወጡ። በቀን ብርሃን፣ ጎረቤት እያየ። አባባም ከዚያ በኋላ ሰርግ ሆነ ልቅሶ ሰው በተሰበሰበበት ሁሉ «ማሬ ዝም በሉ አለችኝ፤ ዝም ባልል ኖሮ ዛሬ ተዝካሬን ትበሉ ነበር» እያሉ በኩራት ያወሩት ጀመር። ሁለቱም አሁን የሉም፤ ነፍሳቸውን ይማር።

ትናንት ለዓይኔ ሐኪም ዘንድ ከልጄ ጋር ሄጄ ነበር። ሐኪሙ በጥድፊያ ይናገራል፣ እሷም በዚያው ጥድፊያ ትመልሳለች። ቀዶ ሕክምና ነው የሚያወሩት፣ የእኔን ዓይን። ሐሳቤን ልጨምር ስሞክር «እማ፣ ረጋ» አለችኝ፣ ቆዪ ማለቷ ነው፣ እጄን ይዛ። ትንሽ ቱግ አልኩ። እኔ አይደለሁ ወይ የማየው! ከዚያ ምላሴን ነክሼ ተቀመጥኩ፤ አባባ በዚያ ሁሉ ጠመዝማዛ አፋቸውን ገጥመው ሲወርዱ ምን ያህል ከብዷቸው እንደነበር የገባኝ ገና እዚያ ወንበር ላይ ነው። ልጄ እኔ ልጠይቅ ያሰብኩትን ሁሉ ጠየቀች፣ ያላሰብኩትንም ጨመረች።

ስንወጣ ፊቴን አየችኝ። «ለምን ዝም አልሽ እማ? ደከመሽ?»

«አይ» አልኳት። «አምኜሽ ነው።»