ጭስ የማያውቅ ምድጃ

ኤውሎሂያ ቲኮናን ደም አይቀፋትም። በደቡብ አሜሪካ፣ በአይማራ ሕዝብ ደጋ፣ ከመንደር ጤና ጣቢያ እስከ ከተማው ሆስፒታል ዕድሜዋን በነርስነት የፈጀች ሴት ናት። የበግ ጠረን በሞላው ጎጆ አዋልዳለች፤ እጇን ታጥባም ከቤተሰቡ ጋር በውርጭ የደረቀ ድንች በልታለች። ያ ሁሉ አንድም ቀን አላቅለሸለሻትም። የሚያቅለሸልሻት የሆስፒታሉ «የቤተሰብ ክፍል» ነበር።

ግድግዳው ላይ ላማ የሚባለው የአገሩ የጭነት እንስሳ ተስሎበታል። ዝቅ ያለ አልጋ፣ የሱፍ ብርድ ልብስና የሸክላ ምድጃ አለው። እናቶች እንደ ወጋቸው እንዲወልዱበት ተብሎ ተሠራ፤ ከተመረቀ ወዲህ የሚከፈተው ግን ለጉብኝት እንግዳ ሲመጣ ብቻ ነው። ቁልፉ ከነርሶች ኃላፊዋ ከፋቢዮላ ኪስ አይወጣም።

አንድ ማለዳ ሳቢና ኮልኬ የምትባል ልጅ እግር በትልቁ ማዋለጃ ወለደች። የማዋለጃው ረዳት ነርስ ሙቅ ውሃ የለም ብላ አራሷን በቀዝቃዛ አጠበቻት፤ እንደ ወጋቸው ቤት ተወስዶ መቀበር የነበረበትን የእንግዴ ልጅም ቆሻሻ ከረጢት ውስጥ ወረወረችው። የሳቢና አማት ቶሪቢያ ይህን ስታይ ምራቷን በሻል ትጠቀልላት ጀመር።

«ወዴት ነው እማማ?» አለች ኤውሎሂያ።

«ወደ ቤታችን! በብርድ ልትገድሏት ነው እንዴ?»

«ደሙ እኮ አልቆመም። መንገድ ላይ ትሞትብዎታለች።»

«የእንግዴ ልጅ ቆሻሻ ውስጥ የሚጥል ሰው ነው ስለ ሞት የሚያስተምረኝ? የእኛን መልሺ፣ አራሷን አሙቂ፣ ያኔ እንቀመጣለን። አንቺም የእኛው ልጅ ነሽ፤ ነጭ ስለለበስሽ ረሳሽው?»

ኤውሎሂያ ወደ ፋቢዮላ ሮጠች። ኃላፊዋ ከንፈሯን እየቀባች ነበር።

«ቁልፉን ይስጡኝ፤ አራሷ ደም እየፈሰሳት ነው።»

«ዛሬ እኮ እንግዶች ይመጣሉ! ብርድ ልብሱን ደም ይንካው? ደግሞ ታውቂያቸው የለ፣ አንዴ ከገቡ ሽታቸው አይለቅም።»

ኤውሎሂያም ከእነዚያው ከሚሸቱት ወገን ናት። ወደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ወርዳ ከረጢቱን ፈታች፤ በዚያ ማለዳ የወለደችው ሳቢና ብቻ ነበረችና፣ የእንግዴ ልጁን ከጓንትና ከፋሻ መሃል አውጥታ በሳህን ለቶሪቢያ አስረከበቻት። ከዚያ የክፍሉን በር መቆለፊያ በብረት ሰበረችው።

ሳቢናን ከነሕፃኗ አስተኝተው ብርድ ልብሱን ሲያነሱ ገና ከነላስቲኩ ነው። ቶሪቢያ እሳት ላነድ ብላ እጇን ምድጃው ውስጥ ሰደደች።

«ወይ ጉድ! ይሄ አፍ እንጂ ጉሮሮ የለውም። ጭሱ በየት ሊወጣ ኖሯል?»

ምድጃው ሸክላ እንዲመስል ቀለም የተቀባ ኖራ ነበር። ኤውሎሂያ ሊያስመልሳት ደረሰ። ያም ሆኖ በነርሶቹ የሻይ ማፍያ ውሃ አፍልታ በጠርሙስ ሞላች፤ በጨርቅ ጠቅልላ ከአራሷ እግር ሥር አኖረች። ደም የሚያቆመውን መርፌ ወግታት ሆዷን ማሸት ያዘች። ቀስ በቀስ ደሙ ቀነሰ።

እንግዶቹ ሲደርሱ ፋቢዮላ የተሰበረውን በር አይታ ፊቷ ነጣ። ወዲያው ግን ፈገግ አለች።

«ግቡ፣ ግቡ! እኛ ዘንድ ወግ የሚከበረው እንዲህ ነው። አማት፣ አራስ፣ ነርስ፣ ሁሉም አንድ ቤተሰብ!» እጇን ቶሪቢያ ትከሻ ላይ ጣል አደረገች። ከእንግዶቹ የአንዱ ካሜራ ብልጭ አለ። «ሲስተር ኤውሎሂያ፣ እስቲ ቀና በይና ፈገግ በይ!»

ቶሪቢያ ትከሻዋን ነጥቃ የምራቷን ፊት በሻሉ ሸፈነች። ኤውሎሂያ ቀና አላለችም። ከመዳፏ ሥር ማህፀኑ ደሙን ሊያቆም ሲጠነክር ይሰማት ነበር።

«ጨርሳችሁ ከሆነ» አለች፣ «በሩን ዝጉልን። ብርድ እየገባ ነው።»