ሌግ እና ፉት

ቱኦቪ ሂዩፒያ በፊንላንድ የወደብ ከተማ በኮትካ ሠላሳ አንድ ዓመት እንግሊዝኛ አስተምራ ጡረታ የወጣች ሴት ናት። ከእኔ በላይ ባለው ፎቅ ትኖራለች። ይህን ታሪክ የነገረችኝ ምድር ቤት፣ የጋራ ልብስ ማጠቢያው ክፍል ውስጥ፣ ማሽኑ እስኪጨርስ ስንጠብቅ ነው።

ጤና ጣቢያው ፊንላንድኛ የማይችል መርከበኛ ሲመጣበት እሷ ጋ ይደውላል። አንድ ሐሙስ የደወለችው ነርሷ ሄሊና ነበረች። ሮዴልዮ የሚባል ፊሊፒናዊ መርከበኛ በእንግሊዝኛ ሌጉን ካመመው ሦስት ቀኑ እንደሆነ፣ መሰላል ሲወጣም እንደሚወጥረው በስልኩ ተናገረ። ቱኦቪ "ያልካ" ብላ ተረጎመች። ያልካ ማለት ልክ እንደ እኛ እግር ነው፤ ከታፋ እስከ ጥፍር። እንግሊዝኛ ግን ከቁርጭምጭሚት በላይ ያለውን ሌግ፣ በታች ያለውን ፉት ብሎ ይለያል። ሄሊና ጫማውን አስወልቃ ብታይ አውራ ጣቱ ጠቁሯል፤ ባለፈው ሳምንት ሰንሰለት ወድቆበት ኖሯል። ጣቱን በፋሻ ጠቀለለችለትና ማስታገሻ ሰጥታ ሸኘችው።

ቱኦቪ የአተር ሾርባዋን ስታሞቅ ነው ነገሩ የከነከናት። ጣቱን የታመመ ሰው መሰላል ሲወጣ ይወጥረኛል ይላል? ተማሪዎቿ ሁለቱን ቃላት ሲያምታቱ በቀይ እስክሪብቶ ስታርም የኖረችው እሷው ናት። ምድጃውን አጥፍታ ደወለች።

"አንቺ እኮ እግሩን ነው ያልሽኝ" አለች ሄሊና።

"አዎ፣ እግር ነው ያልኩሽ። ጥፋቱ የኔ ነው። እሱ ያለው ከቁርጭምጭሚት በላይ ነው።"

ሄሊና መርከቡ አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ እንደሚነሳ ነገረቻት። ዘጠኝ ተኩል ሆኗል። ቱኦቪ በአሮጌ መኪናዋ ወደብ ሄደች። የበሩ ዘበኛ መርከቡ ላይ ደውሎ አስጠራላት፤ ሮዴልዮ እያነከሰ ወረደ። ሱሪውን ሰብሰብ እንዲያደርግ ለመነችው። ባቱ ቀልቶ፣ አብጦ፣ ቆዳው ተወጥሮ ያብለጨልጫል። ወዲያው የመኪናውን በር ከፈተችለት።

ሆስፒታል ሲደርሱ በባቱ የደም ሥር ውስጥ ደም እንደረጋ ታወቀ። ሐኪሙ በዚህ ሁኔታ ባሕር ላይ መውጣት አደገኛ እንደነበረ ነገራቸው። መርከቡ ጥሎት ሄደ።

በማግስቱ ቱኦቪ የሰማያዊ እንጆሪ ኬክ ይዛ ልትጠይቀው ሆስፒታል ሄደች። ቃሉን እንዴት አሳስታ እንደተረጎመችው ዘርዝራ ነግራው ይቅርታ ጠየቀች። ሮዴልዮ ጣሪያውን እያየ ሰማት።

"ነርሷ ጣቴን ስትጠቀልል ቦታው እንዳልሆነ አውቄያለሁ" አለ በመጨረሻ። "ከመርከብ እንዳልቀር ብዬ ዝም አልኩ። የተሳሳትሽው አንቺ ብቻ አይደለሽም፣ ሁለታችንም ነን።"

ቱኦቪ ይህን ስትነግረኝ ዓይኗ እርጥብ ነበር። ሰውዬው ከሳምንት በኋላ ድኖ በአውሮፕላን ወደ አገሩ ሄደ። እሷ ግን ማስተርጎሙን ልትተወው ወስና ነበር፤ ይህንንም ለሄሊና ነገረቻት። ሄሊና ያም ሆኖ በሚቀጥለው ወር፣ አንድ እንግሊዝኛ የሚናገር የፖላንድ ሹፌር ክንዱን አሞት ሲመጣ ደወለች።

ቱኦቪ ስልኩን አነሳች። "በመጀመሪያ" አለች፣ "ያመመውን ቦታ ራሱ በእጁ ይንካልሽ።"