ዳንቴል የለበሰው ኮምፒውተር

ኢንጂነሩን ከመጀመሪያው ሳምንት ጀምሮ አልወደድኳቸውም፤ እሳቸውም እኔን። ዛሬ ስለ እሳቸው ሳወራ አንቱ የምለው ከአክብሮት አይደለም፣ አፌ ስለለመደ ነው።

ቦሌ ውስጥ መስታወት የለበሰ ፎቅ አራተኛው ወለል ላይ፣ የሕንፃ ንድፍና ቁጥጥር የሚሠራ ድርጅት ነበር። እኔ የኮምፒውተር ክፍሉ ኃላፊ ሆኜ ተቀጠርኩ። ክፍሉ ማለት ግን እኔው ብቻዬን ነበርኩ። ጊዜው ከተማው በሙሉ የተቆፈረበት ነው። ከመገናኛ እስከ አያት የባቡሩ ሐዲድ እየተዘረጋ ነበር። እኔ በየቀኑ ከምመጣበት ከየካ አባዶ ጀምሮ ሕንፃ እንደ አሸን ይፈላል፤ ንድፍ ፈላጊው ከደጃችን አይጠፋም። ሥራው ሲበዛ ማስቀመጫው ጠበበን።

ድርጅቱ ስድስት ሰርቨር ነበረው፣ ለየክፍሉ አንድ አንድ። የአርክቴክቶቹ ሞልቶ አልቀበልም ሲል የአስተዳደሩ ከግማሽ በላይ ባዶውን ይውላል። አንዱ ሲበላሽ የዚያ ክፍል ሰው ሁሉ እጁን አጣጥፎ ይቀመጣል። ባክአፕ የሚባለው ደግሞ ጸሐፊዋ ትዝ ሲላት በፍላሽ የምትገለብጠው ነው።

እኔ ያቀረብኩት ሐሳብ እነዚህን ዲስኮች በሙሉ በአንድ ሶፍትዌር ሥር አድርጎ እንደ አንድ ትልቅ ማከማቻ ማሠራት ነበር። በሙያችን ስቶሬጅ ቨርቹዋላይዜሽን እንለዋለን። ሠራተኛው የሚያየው አንድ ማከማቻ ብቻ ነው፤ ፋይሉ የትኛው ዲስክ ላይ እንዳረፈ አያውቅም። ሥርዓቱ ግን ያውቃል። እያንዳንዱን ሥራ ሁለት ቦታ ያስቀምጣል፣ አንዱ ዲስክ ቢሞት ከሌላው ያነባል፣ ለጠበበው ክፍል ከሰፋው ያካፍላል። ከዚህ ሌላ በየቀኑ አንድ ቅጂ አያት ወዳለው የሳይት ቢሯችን ይላካል፤ ቦሌ ያለው ቢቃጠል እንኳ ሥራው እንዲተርፍ።

ሥራ አስኪያጁ ወደዱት። ችግሩ ክፍል ነበር። ሰርቨሮቹ አንድ ላይ ሲሰበሰቡ ይግላሉ፣ በወለሉ ላይ ደግሞ ማቀዝቀዣ ኤሲ ያለው ትንሽ ክፍል አንድ ብቻ ነው፤ የኢንጂነሩ። ኢንጂነሩ የሕንፃውን ጥንካሬ የሚያሰላው የስትራክቸር ክፍል ኃላፊ ናቸው፣ ስልሳ ሊሞላቸው ጥቂት የቀራቸው፣ የሸሚዛቸውን ቁልፍ እስከ አንገታቸው የሚቆልፉ ሰው። ሥራ አስኪያጁ ወደ አዳራሹ ከወጣቶቹ መሀል እንዲዛወሩ ነገሯቸው። እኔ ደግሞ በማግሥቱ ሜትር ይዤ ገባሁና፣ እሳቸው ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ ግድግዳውን መለካት ጀመርኩ። አንድ ቀን መጠበቅ እችል ነበር። አልጠበቅሁም።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ፋይላቸውን ወደ አዲሱ ማከማቻ እንዲያስገቡ ጠየቅኋቸው።

«ያኔ የእኔ ሥራ የት እንዳለ ማን ያውቃል?» አሉ።

«ሥርዓቱ ያውቃል።»

«እኔስ?»

«እርስዎ ማወቅ አያስፈልግዎትም።»

 መነጽራቸውን አውልቀው ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡ።

«አንቺ ልጅ፣ እኔ እያንዳንዱ ፌሮ የት እንደገባ ሳላውቅ የፈረምኩበት ፎቅ የለም። አንዲት የኮምፒውተር ገመድ ጎታች መጥታ ማወቅ አያስፈልግህም ትለኛለች?»

ወጣቶቹ ሳቁ። ከዚያን ቀን ጀምሮ በዚያ ቢሮ ስሜ ገመድ ጎታች ሆነ። የሻይ ክፍሏ ሴትዮ ሳትቀር፣ ክፋት ሳይኖራት፣ «ለገመድ ጎታቿ ሻይ ልውሰድላት?» ስትል ሰምቻለሁ።

ኢንጂነሩ ሥራቸውን በሙሉ የሚያኖሩት በራሳቸው ኮምፒውተር ነበር። ጠረጴዛቸው ሥር የቆመ፣ ትልቅ፣ አሮጌ፣ አቧራ እንዳይገባው ነጭ ዳንቴል የለበሰ ኮምፒውተር። የክፍላቸው ልጆች የሚሠሩት ወደ አዲሱ ማከማቻ ገባ፤ እሳቸው አርመው የሚጨርሱት ግን ከዚያ ዳንቴል ሥር አይወጣም። ሥራ አስኪያጁ ጭቅጭቅ ስለሰለቻቸው «የእሳቸውን ለጊዜው ተይው» አሉኝ። እኔም ለሚደርሰው ጉዳት ኃላፊነት አልወስድም የሚል ደብዳቤ ጽፌ፣ ለሁሉም ክፍል ግልባጭ አድርጌ ለኢንጂነሩ ሰጠኋቸው። ሳያነቡ ፈረሙና «ሌላስ?» አሉኝ።

ሌላም ነበረ። ትልቁ የንድፍ ማተሚያ በእኔ ቁጥጥር ሥር ነው። የእሳቸው ወረቀት ሁልጊዜ ከሁሉም ሰው በኋላ እንዲወጣ አድርጌ አስተካከልኩት። ማንም አላወቀብኝም። ወራት ሙሉ እኚያ ሰው እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ማተሚያው ሥር ቆመው ሲጠብቁ፣ እኔ የሰርቨር ክፍል ከሆነው ከቀድሞ ክፍላቸው በመስታወቱ አያቸው ነበር።

አንድ ሰኞ ረፋድ ላይ በጠረጴዛቸው አጠገብ ሳልፍ አንድ ድምፅ ሰማሁ። ጠቅ፣ ጠቅ፣ ከዚያ ዝም፣ ከዚያ እንደገና ጠቅ። ሊሞት የደረሰ ዲስክ ድምፅ ነው፤ አንድ ጊዜ የሰማው ሰው አይረሳውም። ሳላስበው ቆምኩ።

ቀና ብለው አዩኝ። «ምን ፈለግሽ?»

«ምንም።»

አንድ ሰዓት ቢሰጡኝ ሁሉንም ገልብጬ እጨርስ ነበር። ያን ለማለት ግን አፌን መክፈት ነበረብኝ፣ እሳቸው ደግሞ ገመድ ጎታች ብለውኛል። በማግሥቱ ሆን ብዬ በዚያው በኩል ዞሬ ሄድኩ። አለ። ረቡዕም አለ። በሚቀጥለው ሳምንት ድምፁ ተደጋግሞ ይሰማ ጀመር። በየቀኑ ሄጄ እሰማው ነበር፤ ደስ እያለኝ። ይህን አልዋሽም።

በሁለተኛው ሳምንት ረቡዕ ጠዋት ዲስኩ ሞተ። ሥራ አስኪያጁ ራሳቸው መጥተው ጠሩኝ። ዳንቴሉን አንሥቼ ከፈትኩት፣ ወደ ሌላ ማሽን አዛወርኩት፣ ሞከርኩ፤ ምንም የለም። ይህን እያልኩ ሳስረዳ በውስጤ ላየው የተዘጋጀሁት ፊት ነበር፤ የተሸነፈ ሰው ፊት አያለሁ ብዬ ነበር። ኢንጂነሩ ግን እኔን አላዩኝም። የግድግዳውን ሰዓት አዩና «አያት!» አሉ።

አያት ላይ የምንቆጣጠረው አንድ የመኖሪያ ሕንፃ መሠረቱ ሊሞላ ነበር። የአፈር ምርመራው ከታሰበው የባሰ፣ ውሃ ሲነካው የሚያብጥ ጥቁር መረሬ መሆኑን ስላሳየ ኢንጂነሩ የመሠረቱን ፌሮ ጨምረው ንድፉን አርመውታል። ሳይቱ ላይ ያለው ግን የድሮው ንድፍ ነው። የታረመውን ማክሰኞ ከሰዓት ወደ ማተሚያው ልከው ነበር። ወረቀታቸው የመጨረሻ ተራ ይዞ ሲጠብቅ መብራት ሄደ፤ ተራ ላይ የነበረው ሁሉ ጠፋ። ረቡዕ ጠዋት እንደገና ሊልኩት ሲቀመጡ ኮምፒውተሩ አልነሣም አለ። ኮንክሪቱ የሚሞላው በዚያው ቀን ነበር።

ፎርማኑ ጋ ተደወለ፤ ስልኩ አይሠራም። ሥራ አስኪያጁ ወደ እኔ ዞሩ፦ «አንቺም አብረሽ ሂጂ። ምናልባት አያት ካለው ቅጂ ውስጥ ይገኝ እንደሆነ።» እንደማይገኝ አውቅ ነበር፤ ያልገባ ነገር አይገለበጥም። ግን ስለ ማተሚያው እያሰብኩ ስለነበር መናገር አቃተኝና የድርጅቱ ፒካፕ ውስጥ ገባሁ።

 መገናኛ ላይ መንገዱ ተዘግቶ በአቧራ ውስጥ ቆምን። ጉርድ ሾላ ላይ እንደገና ቆምን። ኢንጂነሩ ጉልበታቸውን በጣታቸው ይመታሉ፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ቁጥር እያስታወሱ እንደነበር የገባኝ ኋላ ነው።

ስንደርስ የኮንክሪት መኪናው በሩ ላይ ቆሞ በርሜሉ ይዞራል። ኢንጂነሩ ኮታቸውን ወርውረውብኝ ወደ ጉድጓዱ ወረዱ። የታሰረውን ፌሮ በእጃቸው እየነኩ ቆጠሩና «አቁም!» ብለው ጮኹ።

ፎርማኑ፣ ወፍራም ድምፅ ያለው ጎልማሳ፣ ከላይ ሆኖ «ኢንጂነር፣ ኮንክሪቱ እኮ ይደርቅብናል!» አለ።

«ይድረቅ! ይህ መሠረት አይሞላም።»

«በወረቀት ካልመጣልኝ እንዴት አድርጌ አፈርሳለሁ?»

ኢንጂነሩ ዙሪያቸውን ተመለከቱ፤ ከዚያ አንድ ጣውላ አንሥተው ለእኔ አቀበሉኝ። «ያዢ» አሉኝ። የአናጢውን እርሳስ ተቀበሉና እኔ ደረቴ ላይ ደግፌ በያዝኩት ጣውላ ላይ መሣል ጀመሩ። የመጀመሪያው ምሰሶ፣ ማለትም ኮለን፣ ሁለተኛው፣ ሦስተኛው፤ የፌሮው ውፍረት፣ ብዛቱ፣ በመካከሉ ያለው ርቀት። ጣውላው ሲሞላ ሌላ አመጡ። አልቆሙም፣ አልሰረዙም። በመጨረሻ ፈርመው ለፎርማኑ ሰጡት። ፎርማኑ አንዴ ጣውላውን አንዴ እሳቸውን አየና መኪናውን መለሰው። ወደ ቢሮ ከተመለስን በኋላ እንደገና ለሁለት ቀን ቁጭ ብለው አሰሉት፤ ጣውላው ላይ ያለው ከአንድ ኮለን በስተቀር ልክ ነበር፣ በእሱም ላይ ያበዙት እንጂ ያሳነሱት ፌሮ የለም።

ስንመለስ ኋላ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጥን። እጄ በእርሳሱ ጥቁረትና በአቧራ ቆሽሿል። ዝም ማለት አልቻልኩም።

«ኢንጂነር፣ ዲስኩ ሊበላሽ መሆኑን አውቅ ነበር። ድምፁን ሰምቻለሁ።»

በመስኮቱ እንደሚያዩ «ስንት ቀን?» አሉ።

«ዘጠኝ ቀን።»

«እኔ አሥራ አንድ ቀን» አሉ።

መጀመሪያ የቀለዱ መሰለኝ። ፊታቸውን ሳይ ቀልድ አልነበረም።

«ታዲያ ለምን አልጠሩኝም?»

«አንቺን? ይሰበር እንጂ!»

ሹፌሩ እጁን ሰዶ ሬዲዮውን ከፍ አደረገው። ሁለት የተማርን ሰዎች አንድ ዲስክ ሲሞት ቁጭ ብለን ሰምተናል፣ ያውም ሰው የሚኖርበትን ፎቅ ንድፍ ተሸክሞ። የተናዘዝኩት እንዲቀለኝ ነበር፤ አልቀለለኝም። ስለ ማተሚያው ደግሞ ያን ቀን አልነገርኳቸውም። በኋላም አልነገርኳቸውም። ቢሮ እንደገባሁ ብቻ የማተሚያውን ተራ ወደ ነበረበት መለስኩት።

ሰኞ ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ነገሩን ምሳሌ አደረጉት፦ «ወደ አዲሱ ማከማቻ አልገባም ያለ ሰው ምን እንደደረሰበት አያችሁ» አሉ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሮ እንደ ጀግና አየኝ። እውነቱን ተነሥቼ መናገር የምችልበት ሰዓት ያ ነበር፤ ማስታወሻ ደብተሬን ማየት መረጥኩ። ኢንጂነሩም አላጋለጡኝም። ለእኔ አዝነው እንዳልሆነ አውቃለሁ፤ ቢናገሩ የራሳቸውንም መናገር ነበረባቸው።

አዲስ ኮምፒውተር ተሰጣቸው፣ ሥራቸውም ወደ ማከማቻው ገባ። ከዚያ የዓርቡ ፈተና ጀመረ። በየሳምንቱ ዓርብ አራት ሰዓት ላይ የሰርቨር ክፍሉን በር በቁልፋቸው ያንኳኳሉ። «ባለፈው ወር ማክሰኞ ከሰዓት የነበረውን የደረጃ ንድፍ አምጪልኝ» ይላሉ። ፋይሉን መልሼ እስክከፍተው ድረስ ሰዓታቸውን እያዩ ይቆማሉ። ሲከፈት አመሰግናለሁ አይሉም፤ «እሺ» ብለው ይሄዳሉ።  እያንገላቱኝ ነው ብዬ ለሥራ አስኪያጁ ከሰስኩ፤ ሳቁብኝ።

አንድ ዓርብ ግን «ዛሬ ከዚህ አይደለም፣ ከአያት አምጪልኝ» አሉ።

ከአያት የመጣው ፋይል የሦስት ሳምንት አሮጌ ነበር። ቁፋሮው መስመሩን ቆርጦት ኖሮ፣ ቅጂው መሄድ ካቆመ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። ማስጠንቀቂያው ይላክ የነበረው እኔ ከፍቼ ወደማላየው ኢሜይል ነው። በየጠዋቱ አረንጓዴ ሆኖ የማየው ስክሪን ደግሞ የቦሌውን ብቻ ነበር የሚያሳየው። 

«ሦስት ሳምንት?» አሉ።

«ሦስት ሳምንት።»

ሰኞ በሁሉም ፊት፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ፣ «በከተማው ሁለት ዳር ተቀምጧል የተባለው ሥራችን ሦስት ሳምንት አንድ ፎቅ ላይ ብቻ ነበር» አሉና ተቀመጡ። ወጣቶቹ በዚህኛው አልሳቁም። ያን ሰዓት ብችል በሁለት እጄ አንቃቸው ነበር። ከስብሰባው ወጥቼ ግን ማስጠንቀቂያው በስልኬ እንዲጮህ አደረግሁ፣ ከአያት መልሶ መክፈትንም በየሳምንቱ የሚፈረምበት ሥራ አደረግሁት። ካደረግኋቸው ሥራዎች ሁሉ ትክክለኛው እሱ ነው፤ ያደረግሁትም በንዴት ነው።

በዓመቱ ጡረታ ወጡ። አዳራሹ ውስጥ ኬክ ተቆረጠ፣ ለስላሳ ተከፈተ፣ ሥራ አስኪያጁ ረጅም ንግግር አደረጉ። በየክፍሉ እየገቡ ሰዉን አንድ በአንድ ሲሰናበቱ በመስታወቱ አየኋቸው። የሻይ ክፍሏን ሴትዮ ሦስት ጊዜ ሳሟት። እኔ ጋ አልገቡም። እኔም አልወጣሁም።