በሳሉ የታወቀ ሰው

ከጎባ ወደ ሮቤ በሚሄደው ሚኒባስ ውስጥ ከነጋዴዋ ከጁሀራ ጎን የተቀመጠው ሰውዬ፣ በየሰርጉ ሰውን በሳቅ የሚያፈርስ ኮሜዲያን ነበር። የታወቀው በሽተኛ መስሎ በመሳል ነው። ሳንባው ታሞ ዓመት ሙሉ ጠፋ። አሁን የሰፋበትን ኮቱን በመርፌ ቁልፍ አጥብቦ ለብሷል።

«ድኛለሁ፤ ቅዳሜ ሲናና ወረዳ ሰርግ አለብኝ» ብሎ ለተሳፋሪዎቹ ሲነግራቸው ሳል ያዘው። ሚኒባሱ በሳቅ ተሞላ። ጁሀራም እንባዋ እስኪመጣ ሳቀች። ሳሉ በረዘመ ቁጥር ሳቁ በረታ። ከአፉ ባነሳው መሐረብ ላይ ደም ስታይ ግን መሳቋን ተወች።

መሐረቡን አጣጥፎ ኪሱ ከተተና ጠጋ አላት።

«እናቴ፣ አይንገሩብኝ» አለ በሹክሹክታ። «ሰዎቹ ሮቤ እስክንደርስ ይሳቁ።»

ቀጣዩ ሳል ሲመጣበት እንደ ድሮው ዓይኑን አንሸዋረረላቸው።