ሞተሩን ያጠፋሁበት ጥግ

መኪናዋ ባለሁለት በር ነበረች። አባቴ መጀመሪያ ያዩዋት ቀን እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው አንድ ጊዜ ዞሯትና «ሌሎቹ በሮቿ የት ሄዱ?» ሲሉ ጠየቁኝ። የስፖርት መኪና መሆኗን፣ ጣሊያኖች ኩፔ የሚሏት ዓይነት መሆኗን አስረዳኋቸው። «ሚስትህና ልጆችህ የት ሊቀመጡ ነው?» አሉ። ሚስትም ልጅም የለኝም አልኳቸው። «እንዲህ ያለ መኪና ይዘህማ ከየት ይመጣሉ» ብለው ወደ ቤት ገቡ።

እውነታቸውን ነበር፤ ግን ወድጃታለሁ። በአንድ መሥሪያ ቤት ፕላን እስል ነበር። ቀኑን ሙሉ ቀጥ ያለ መስመር ሲያሰምር የሚውል ሰው፣ ሲመሽ ጎበጥ ያለ ነገር ዓይኑን ይስበዋል። ኮፈኗ ረጅም፣ ጣሪያዋ ዝቅ ያለ፣ ዕድሜዋም ገፋ ያለ ነበር። የሸጡልኝ ባርኔጣ የማይለያቸው ቀጭን ሽማግሌ ናቸው፤ አቦይ እያልኩ ነበር የምጠራቸው። የማን እንደነበረች ስጠይቃቸው «የዘመድ ናት። ባለቤቷ ምጽዋ ወርዷል» አሉኝ። አባባላቸው ሌላ ጥያቄ አያስጠይቅም ነበር።

ይህም አዲስ ነገር አልነበረም። አባቴ ከጎንደር ወደ አስመራ በመንግሥት ሥራ የመጡ ሰው ናቸው። እናቴ የአገሩ ልጅ ብትሆንም፣ እኔም እዚያው ተወልጄ ትግርኛውን ከአማርኛው እኩል ብናገርም፣ በዚያ የጦርነት ዘመን የአባቴን አገር የሰማ ሰው ወሬውን ወደ አየሩ ጠባይ ያዞርብኝ ነበር። ለምጄዋለሁ። ስለ አስመራ ጉም የማላውቀው ነገር አልነበረም።

የተከራየሁት ቤት ማይ ጭሆት በሚባል ሰፈር፣ አንድ ቁልቁለት የሚያልቅበት ቦታ ላይ ነው። ከሥራ ስመለስ ከዋናው መንገድ እታጠፍና በበለስ አጥሩ ጥግ በኩል ወደ ታች እወርዳለሁ። መኪናዋን በገዛሁ ማግስት፣ አመሻሽ ላይ፣ ጥጉን ስዞር ከቁልቁለቱ መሃል አንድ የላሜራ በር ወለል ብሎ ተከፍቶ አየሁ። ሰው ለማስገባት እንደሚከፈተው አይደለም፤ ሁለቱም መዝጊያ ተከፍቷል፣ መኪና እንዲያስገባ። ነጠላ ያጣፉ አሮጊት ከበሩ አጠገብ ጥግ ይዘው ቆመዋል። ፊታቸው ወደ መሬት ነው። ግቢው ባዶ ነበር፤ ሲሚንቶው ላይ ያረጀ የዘይት ጠብታ ብቻ ይታያል። እንግዳ እየጠበቁ ይሆናል ብዬ አለፍኩ። ካለፍኩ በኋላ በሩ ሲዘጋና መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።

በማግስቱም ተከፍቶ ጠበቀኝ። ከዚያም በኋላ እንዲሁ። አንድ ቀን ፍጥነቴን ቀንሼ «ከመይ ኣምሲኽን፣ ኣደይ» አልኳቸው፤ እንደምን አመሹ፣ እናቴ። አልመለሱልኝም። ጆሯቸውን ወደ ሞተሩ አዘንብለው፣ ሌላ ሰው እያነጋገራቸው እኔ መሃል የገባሁ ይመስል ዝም ብለው ቆሙ። እኔም እንደ ባለጌ የተቆጠርኩ መስሎኝ ተናደድኩ። ንዴት ይሻለኝ ነበር፤ ከሥሩ ያለውን ፍርሃት ይሸፍንልኝ ነበር።

መኪናዋን እንደ አዲስ ማሠራት የጀመርኩት በዚያው ሰሞን ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ ጥራቮሎ ሰፈር ወደሚገኝ ጋራዥ እወስዳታለሁ። ሞላዎቿን አሳጥሬ ወደ መሬት አስጠጋኋት። በአንዱ ካርቦራቶር ፋንታ ሁለት አስገጠምኩላት። መሪዋን በእንጨት መሪ ቀየርኩት። የግራ በሯ ላይ የሰው መዳፍ የሚያህል ስርጉድ ነበር፤ በመዶሻ አስወጥተን፣ በስቱኮ ሞልተን፣ እስኪለሰልስ በብርጭቆ ወረቀት ፈገፈግነው። ነጣ ያለ ቀለሟን አስወልቄ ቀይ አስቀባኋት። የሾፌሩን ወንበር እንኳ አስፈትቼ አዲስ ስፖንጅ አስሞላሁት፤ ሳምንት ሳይቆይ ግን ከእኔ ጀርባ የጠበበ ጀርባ ቅርጽ ይዞ አገኘሁት። መካኒኩ ሳቀብኝ። ከሥር ያለው ሽቦ የድሮውን ሰው ጉብጠት ይዞ ነው፣ ስፖንጁ ምን ያድርግ አለኝ። አመንኩት። ማመን ነበረብኝ፤ የምቀመጠው እኔ ነኝና።

ያልነካሁት ድምጿን ብቻ ነው። የቀድሞው ባለቤት የጭስ ማውጫውን ድምፅ የሚያፍነውን ማርሚታዋን ቆርጦ ጥሎ አጭር ቱቦ አስበይዶላት ስለነበር ወፍራም፣ ደረት ውስጥ የሚገባ ድምፅ ነበራት። እሱን እንዴት እቀይራለሁ! ከመንገድ ማዶ ሰው ዞር ብሎ የሚያየኝ በእሱ ነው።

ቀይ ሆና ከጋራዥ በወጣችበት ቀን አመሻሽ ላይ ወደ ቁልቁለቱ ስወርድ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ብሎኝ ነበር። ይህን መኪና አሁን ማን ያውቀዋል? ጥጉን ዞርኩ። በሩ ተከፍቷል። አሮጊቷ ጥጋቸውን ይዘው ቆመዋል። የዚያን ዕለት ቤቴ ገብቼ ሞተሩን ካጠፋሁ በኋላ የግቢዬን በር ሁለት ጊዜ ቆለፍኩት።

ከጥቂት ጊዜ በኋላ መኪናዋን የሸጡልኝ ሽማግሌ ቀትር ላይ መሥሪያ ቤቴ ድረስ መጡ። ሻሂ ላዝዝ ስል በእጃቸው ከለከሉኝ። ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አኑረው ጫፉን ሲያሹ ቆዩ።

«በየማታው በር የምትከፍትልህ እህቴ ናት» አሉኝ። «መኪናዋ የልጇ ነበረች። ምጽዋ ወርዷል ያልኩህን...»

«እንዳልወረደ ገብቶኛል፣ አቦይ።»

«እወ። ይገባሃል እንጂ።» ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «አሁን በረሃ ከገባበት ከቆላ ሰው መጣ። ሲቀበር ያየ ሰው ነው። ሰፈሩ ሁሉ ሰምቷል፤ ያልሰማች እሷ ብቻ ናት። ነገ ማለዳ ሽማግሌ ሰብስበን መርዶውን ልንነግራት ነው።»

እግዜር ያጽናችሁ አልኩ።

«ዐይኗ ደክሟል። መኪናዋን የምታውቃት በድምጿ ነው። አንተ በየማታው ስታልፍ ልጄ መጣ ብላ ትከፍታለች። እስቲ አስበው፤ ነገ ማለዳ ልጅሽ ሞቷል ስንላት፣ ትናንት ማታ መጥቶ ነበር ብትለን ምን እንመልስላታለን?»

የፈለጉት ትንሽ ነገር ነበር፤ ያን ዕለት ማታ ድምፅ ሳላሰማ እንዳልፍ። ማርሚታ በዚያ ቀን አይደርስም። ወደ ቤቴ የሚያስገባው ሌላው መንገድ ለቧንቧ ተቆፍሯል። መኪናዋን ውጭ እንዳላሳድራት፣ በዚያ ሰሞን ባለቤቱ ያልታወቀ መኪና መንገድ ላይ ካደረ ወታደር ይከብበው ነበር። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ። ቁልቁለት ነው፣ ሞተሩን ዋናው መንገድ ላይ አጥፍቼ ዝም ብዬ እንሸራተታለሁ አልኳቸው። ፊታቸው በራ። «የቐንየለይ፣ እግዜር ይስጥልኝ። አስተዋይ ልጅ ነህ» ብለው መረቁኝ። እኔም ምርቃቱን ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ።

አመሻሽ ላይ ዋናው መንገድ ላይ ስደርስ እጄን ወደ ቁልፉ ሰደድኩ። ከዚያ መልሼ መሪው ላይ አደረግሁት። ሜዳ ላይ ባጠፋት ጉልበት አጥታ ትቆማለች ብዬ ለራሴ ምክንያት ሰጠሁት፤ ምክንያቱ ግን የመጣው እጄ ከተመለሰ በኋላ ነው። ጉልበት እንድታገኝ ከወትሮው ፈጥኜ ታጠፍኩ። በለስ አጥሩ ጥግ ስደርስ፣ ሳላስበው፣ ቁልፉን አዞርኩት።

ያ ሁሉ ድምፅ ድንገት ጠፋ። ጎማው ጠጠሩን ሲረግጥ ብቻ ይሰማል። ቁልቁል ሳይ የላሜራው በር ገና ዝግ ነው። እፎይ አልኩ።

እፎይ ብዬ ሳልጨርስ በሩ ተከፈተ። እንደ ሌላው ቀን በዝግታ አይደለም፤ ላሜራው ግድግዳው ላይ እስኪጋጭ። አሮጊቷ ጥጋቸውን አልያዙም። ቀና ብለው፣ እየሳቁ፣ መንገዱ መሃል ወጡ። ፍሬኑን ረግጬ አጠገባቸው ቆምኩ።

«መጺእካ ዲኻ፣ ዝወደይ?» አሉ። መጣህ ወይ ልጄ?

መዳፋቸውን ኮፈኑ ላይ አሳረፉና እየዳበሱ ወደ ግራው በር መጡ። እዚያ ላይ እጃቸው ይፈልግ ጀመር። ወደ ፊት ሄደ፣ ወደ ኋላ ተመለሰ፣ ያንኑ ለስላሳ ቦታ ደግሞ ደጋግሞ ዳሰሰ። ስርጉዱን ነበር የሚፈልጉት። እኔ መሪውን ጨብጬ አልንቀሳቀስም። እጃቸው በመስኮቱ ገብቶ ፊቴን ነካኝ፤ ጉንጬን፣ አገጬን። ከዚያ ቆመ።

«መን ነጊሩካ?» አሉኝ። ማን ነገረህ?

ምኑን ብዬ ጠየቅኋቸው። በትግርኛ፣ ሳይቆጡ፣ ሕፃን እንደሚያስረዱ አድርገው ነገሩኝ። ልጃቸው ሲያመሽ ጎረቤት እንዳይሰማው ሞተሩን ሁልጊዜ በለሱ ጥግ ላይ ያጠፋ ነበር። ድምፁን ከሩቅ ሰምተው በሩን ይከፍቱለታል፤ ጥጉ ላይ ዝም ሲል መጣ ማለት ነው። ይህን የሚያውቁት እሱና እሳቸው ብቻ ናቸው። እኔ በየማታው ሳልፍ እየከፈቱ የሚጠብቁት ዝምታውን ነበር። ሳላጠፋ ሳልፍ፣ እሱ አይደለም፣ ነገ ይሆናል እያሉ ይዘጉታል።

«ዛሬ አጠፋኸው» አሉኝ። «ከእሱ በቀር የሚነግርህ ሰው የለም። ራሱ መምጣት ቢችል ደግሞ አንተን አይልክም።»

የነገረኝ የለም፣ እንዲያው አጋጣሚ ነው ማለት ፈለግሁ። እንዲህ ካልኩ ግን ለምን እንዳጠፋሁት ይጠይቁኛል። ደግሞ አጋጣሚ መሆኑን እኔም አላመንኩትም፤ እጄ ከቁልፉ ሲመለስ አይቼዋለሁ።

«ሞይቱ ድዩ?» አሉ። ሞቷል ወይ?

«እወ» አልኳቸው። አዎ።

አልጮኹም። እጃቸውን ከፊቴ አነሱ፣ ወደ ግቢያቸው ገቡ፣ አንዱን መዝጊያ ከዚያም ሌላውን ዘጉ። መቀርቀሪያው ሲገባ ሰማሁ።

ለሽማግሌው ያን ማታ ልነግራቸው ይገባኝ ነበር፤ ቤታቸውን አላውቀውም። ማለዳ ቁልቁለቱን በእግሬ ወጥቼ ጠበቅኋቸው። ነጠላቸውን በሐዘን ደንብ የለበሱ ሽማግሌዎች ከፊት፣ እሳቸው ባርኔጣቸውን ይዘው ከኋላ መጡ። አቦይ ብዬ ልጀምር ስል ዝም በል በሚል ዓይን አይተውኝ አለፉ። ተከተልኳቸው። በሩ ሲነካ ተከፈተ፤ መቀርቀሪያው ተነስቷል። እህታቸው ጥቁር ለብሰው መሬት ላይ ተቀምጠዋል። ሽማግሌው እንደ ደንቡ ዙሪያ ጥምጥም ሊጀምሩ ጉሮሯቸውን ሲጠርጉ፣ አሮጊቷ እጃቸውን አነሱ።

«ነጊሩኒ እዩ» አሉ። ነግሮኛል።

«መን?» አሉ ወንድማቸው።

«ወደይ። ትማሊ ምሸት መጺኡ ነይሩ።» ልጄ። ትናንት ማታ መጥቶ ነበር።

ሽማግሌው ዞረው አዩኝ። ከዚያ ባርኔጣቸውን ያሹ ጀመር።