እንግሊዝን ማን አረዳት?

ሽንዲ ልሄድ ያሰብሁት ቅዳሜ ነበር። ታላቅ ወንድሜ ይበልጣል እዚያ ታሪክ ያስተምራል፤ ጋሼ እለዋለሁ። ለክፍሉ የፈለገውን አሮጌ የዓለም ካርታ ፍኖተ ሰላም ውስጥ አገኘሁለት። የእንግሊዝ ግዛት ሁሉ በቀይ የተቀባበት ነው። ሐሙስ ከሰዓት ደውዬ ስነግረው ደስ አለው።

በማግስቱ የግብፁን የስዊዝ ቦይ ታሪክ ሊያስተምር ነበር። እንግሊዝ ቦዩን ልትይዝ ጦር ላከች፤ አሜሪካ ስትቆጣ ግን ወጣች። ከዚያ በኋላም ባንዲራዋን በየአገሩ እያወረደች ለሕዝቧ ዛሬም ታላቅ ነን ትል ነበር አለኝ።

«ግዛቱ መሞቱን ግብፅ ሰምታለች፣ ጋና ሰምታለች። መጨረሻ የሰማው የራሱ ቤተሰብ ነው፤ ልክ እንደኛ አገር መርዶ። ልጆቹን እንግሊዝን ማን አረዳት ብዬ ልጠይቃቸው ነው።»

ሳቀ። እናታችን ስልኩን ነጥቃኝ በሶ ልላክልህ ወይ አለችው። ቀኑ እንዲህ አለፈ።

ዓርብ፣ ከፍኖተ ሰላም ቡሬ

ጠዋት የጋሼ ባልደረባ መምህር ስንታየሁ ደወለ። ትንሽ አሞታል፣ ዛሬውኑ ና፣ እናትህን ግን አታስጨንቃት አለኝ። ትንሽ ካመመው ለምን ዛሬውኑ? ካርታውን በማዳበሪያ ጠቅልዬ ሚኒባስ ተሳፈርሁ። ማንኩሳ ላይ የበርበሬ ጆንያ ተጭኖ ሁላችንንም አስነጠሰን።

ስንታየሁ ቡሬ መናኸሪያ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ከሽንዲ ድረስ ለእኔ ብሎ መምጣቱ አልገባኝም። ምግብ ቤት አስገብቶ ሽሮ አዘዘልኝ። ብላ ይለኛል፤ እሱ ግን አልጎረሰም። አጠገባችን የተቀመጠ ሾፌር ጥቅሉን አይቶ መድፍ ነው እንዴ የያዝኸው ብሎ ቀለደብኝ። ስንታየሁ ወደ ጆሮው ጠጋ ብሎ አንድ ነገር ሲነግረው ሰውዬው ሳቁን ዋጠ። የእኔንም ሒሳብ ከፍሎ ወጣ። የማላውቀው ሰው ለምን ይከፍልልኛል?

«ጋሼ ስልኩን ለምን አያነሳም?» አልሁት ስንታየሁን።

«ባትሪ ዘግቶበት ነው። መብራት ጠፍቷል ብዬህ የለ?»

አላለኝም ነበር።

ዓርብ፣ ሽንዲ

መንገዱ ኮረኮንች ነው፤ ግራና ቀኙ በቆሎ። ጋሼ ስዊዝን አስተማረ ወይ ብዬ ስንታየሁን ጠየቅሁት። ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ።

ሽንዲ ስንደርስ የወሰደኝ ወደ ጋሼ ቤት ሳይሆን ወደ ራሱ ቤት ነው። ጤና ጣቢያ ተኝቷል፣ የምታየው ነገ ነው አለኝ። ጎረቤቶች እየገቡ ሰላም ይሉኛል፤ ከየት መጣህ የሚለኝ ግን የለም። ግብፅ ሰምታለች፣ ጋና ሰምታለች። እኔ ብቻ ቀርቻለሁ።

ቅዳሜ

ጎሕ ሲቀድ አጥሩ ሥር የብዙ ሰው ኮቴ ሰማሁ። ሳያንኳኩ ከፈትሁላቸው። ፊት የቆሙት የጋሼ አከራይ አባ አለነ ነበሩ።

«ተቀመጥ ልጄ» አሉኝ።

«አውቄዋለሁ አባ። ግን ይንገሩኝ።»

ሐሙስ ማታ ከሞተር ሳይክል ወድቆ እንደሞተ ነገሩኝ። ከእኔ ቀድሞ የጮኸው ስንታየሁ ነው። ትናንት ቀኑን ሙሉ ለቅሶውን አፍኖ ነበር። ስጠረጥረው የዋልሁት ሰው ትከሻዬ ላይ ተደፍቶ አለቀሰ።

አስከሬኑን ወደ ፍኖተ ሰላም የሚወስደውን መኪና ስንጠብቅ እናቴ ደወለች። ለቅሶው ጸጥ አለ።

«ወንድምህን አገኘኸው?»

«አገኘሁት እማዬ። ትንሽ አሞታል። ይዤው እየመጣሁ ነው።»

ልክ እንደ ስንታየሁ አድርጌ ተናገርሁ። እሷም ምኑን ነው የሚያመው ብላ አልጠየቀችኝም።