ከዳሽቦርዱ ጀርባ የወጣው ሣር

ቅድም የስልኬ ቻርጀር ሶኬቱ ላይ ተቃጠለ። ወዲያው ነቀልኩት፤ የተቃጠለው ሽቦ ሽታ ግን ከቤት አልወጣ ብሎ በሐሳብ ወደ ልጅነቴ፣ ወደ ወንድ አያቴ ወደ አባባ መኪና ወሰደኝ።

ልጅ ነኝ፤ ብርዳማዋ ሞላሌ ከተማ ነን። በአባባ አሮጌ ላንድሮቨር የዳሽቦርዱ መብራት በበራ ቁጥር ፊውዙ ይቃጠላል። መካኒኩ ዳሽቦርዱን ፈትቶ ሽቦውን በጣቱ እየተከተለ ወደ ውስጥ ገባና፣ ጭብጥ ሙሉ የደረቀ ጓሳ፣ ለቤት ክዳን የሚሆነውን ሣር፣ ይዞ ወጣ።

«ይኼን ማን ነው እዚህ የጠቀጠቀው? አይጥ ጎጆ ሠርታበት የሽቦውን ልባስ በልታዋለች። ራቁቱን ቀርቶ ከብረቱ ጋር ይነካካል።»

«ጉልበቴን ብርድ ፈጀኝ» ብለው፣ ነፋስ የሚገባበትን የዳሽቦርዱን ቀዳዳ የቤት ግድግዳ እንደሚደፈነው አድርገው በሣሩ የደፈኑት እማማ፣ ሴት አያቴ፣ ነበሩ። ከሞቱ አንድ ክረምት አልፏል።

«ልጣለው አባቴ?» አለ መካኒኩ።

«ጣለው» አሉ አባባ። «ነፋሱ እንግዲህ ማንን ያገኛል?»

መካኒኩ ዞር ሲል ግን ሣሩን ከመሬት ለቅመው በጋቢያቸው ጫፍ ቋጠሩት።

አመሻሽ ላይ ወደ ቤት ስንመለስ ዳሽቦርዱ ቢጫ ሆኖ በራ። እኔ እማማ ቦታ ላይ ተቀምጫለሁ። ነፋሱ በቀዳዳው እየገባ ጉልበቴን ይገርፈዋል።

«በረደሽ እንዴ?» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከመንገዱ ሳያነሱ።

«ኧረ አልበረደኝም፣ አባባ።»

አላመኑኝም። ጋቢውን ሊያለብሱኝ ሳብ አደረጉ፤ ቋጠሮው እጃቸው ውስጥ ሲገባ ግን እንደያዙት ቀሩ።

የቻርጀሩ ሽታ ዛሬ፣ አሁንም ከቤቴ አልለቀቀም። ቻርጀሩን ይዤ ቁጭ ብያለሁ፤ መስኮቱ ዝግ ነው፣ ጉልበቴን ግን እንደዚያን ቀን ይበርደኛል።